ዳማን የምንሸጠው መቼ ነው?

ሰው መኪና ሲገዛ ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የሚያውቀውን መካኒክ ሁሉ ያማክራል። መሸጥ ላይ ሲደርስ ግን ምክሩ ሁለት ዓይነት ብቻ ይሆናል። አንዱ «ገና ይሄዳል አይደል? ምን አስቸኮለህ?» ይላል። ሌላው «መንገድ ላይ ሳይጥልህ ገላገለው» ይላል። በመሃል ያለው እውነተኛ ጥያቄ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ምልክት፣ ለማን የሚለው፣ ለባለመኪናው ብቻ ይቀራል። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ከገና እስከ ፋሲካ ከእራት ጋር አብሮ ሲቀርብ ከርሟል።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። መኪናችን የ2012 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ሃይብሪድ ነበረች። በ2015 ስንገዛት 41,000 ማይል ሄዳ ነበር፤ ባለፈው ጃንዋሪ 243,000 ሞላች። ቀለሟ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ ስለሆነ አባቴ በቪዲዮ ስልክ ሲያዩዋት «ይቺማ ዳማ ናት» አሉ። ፈረስን በቀለሙ መጥራት፣ ጌታውንም በፈረሱ ስም ማወደስ የአገራችን ወግ ነው፤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ እንደምንለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ቤታችን ውስጥ ዳማ ተብላ ቀረች። ስም የወጣለትን ነገር መሸጥ ደግሞ ስም ከሌለው ይከብዳል። ልጄ አንድ ማታ በስልኳ ስታሰላ ቆይታ «አባዬ፣ 243,000 ማይል እኮ 391,000 ኪሎ ሜትር ነው። ጨረቃ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ነው የምትርቀው። ዳማ ጨረቃን አልፋለች!» ስትለኝ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ።

ብዙ ማይል ሁልጊዜ አያስፈራም

ሃይብሪድ አዲስ ነገር አይደለም። የቶዮታ ፕሪየስ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው በ1997 መጨረሻ ነው። አሜሪካ ደግሞ መጀመሪያ የሆንዳ ኢንሳይት በ1999 መጨረሻ ገባ፣ ፕሪየስ በ2000 ተከተለ። በዋሽንግተን ዙሪያ በመኪና እንጀራውን የሚያበስል ወገናችን ሃይብሪድን የወደደው በምክንያት ነው። እኛ በዓመት 18,000 ማይል ያህል እንነዳለን። በጋሎን 50 ማይል የሚሄድ መኪና ለዚህ 360 ጋሎን ይበቃዋል፤ 25 ማይል የሚሄደው ግን 720 ጋሎን ይጠጣል።

ሌላው ጥቅሟ ከውጭ አይታይም። መብራት ይዞን ስንቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማይል መቁጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ሞተሩ የለፋበት አይደለም። ፍሬን ስንይዝ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየሠራ መኪናዋን ያቀዘቅዛል፣ የሚያገኘውንም ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በዚህ ምክንያት የፍሬን ሸራ ከሌሎች መኪኖች እጅግ ይቆያል። እንደ ዳማ ያለችው ሃይብሪድ ሞተሪኖም ዲናሞም የላትም፤ የሁለቱንም ሥራ ውስጧ ያሉት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሠሩታል። የሌለ ዕቃ አይበላሽም።

ታዲያ የሚያረጀው ምንድን ነው? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትልቁ ባትሪ ነው። የዳማ ባትሪ 28 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት ነው፣ ሲደመሩ 201.6 ቮልት ይሆናሉ። ሁሉም በአንድ መስመር ስለተያያዙ አንዱ ሲደክም ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ ከሙሉ ወደ ባዶ ይወርዳል፣ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ ፋን ይጮኻል፣ ሞተሩም ቆመን እንኳን ቶሎ ቶሎ ይነሳል።

የእኛ ባትሪ በ2021፣ 168,000 ማይል ላይ ደከመ። ያኔ ሁለት ዋጋ ቀረበልን፤ የታደሰ በ1,300 ዶላር፣ አዲስ በ2,600 ዶላር። የታደሰ የሚባለው ከተለያዩ አሮጌ ባትሪዎች ደህና ደህና ክፍሎች ተለቅመው የተሠራ ነው። ዛሬ የተለካ ክፍል ነገም እንደዚያው ይሆናል ማለት ስላልሆነ አንዱ ሲቀየር ሌላው ሊከተል ይችላል። መኪናዋን ቢያንስ አራት ዓመት ልንነዳት አስበን ስለነበር አዲሱን መረጥን፣ አራቱንም ዓመት ያለ ችግር ሄደ። የፋኑን ማጣሪያ በየስድስት ወሩ ከአቧራና ከፀጉር ማጽዳትም ብዙ ረድቶናል፤ የባትሪ ዋና ጠላቱ ሙቀት ነው።

ስለዚህ ባለፈው ጃንዋሪ ጥያቄው ሲነሳ ምክንያቱ ባትሪው አልነበረም፣ ነዳጁም አልነበረም። በእርግጥ በጋሎን 48 ማይል ትሄድ የነበረችው ወደ 43 ወርዳለች። ይህ በዓመት 44 ጋሎን ያህል ጭማሪ ነው፤ ጋሎኑ 3.20 ዶላር ቢሆን 140 ዶላር። ለ140 ዶላር ተብሎ መኪና አይሸጥም። የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ግን እንደ ትኩሳት ነው፤ ራሱ በሽታ ባይሆንም ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ይናገራል።

የሚጠፋው ውሃ

የሆነው ነገር በራዲያተሩ ውሃ ታየ። በየወሩ በትንሹ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ጠዋት ስትነሳ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ትንቀጠቀጥና ትረጋጋለች። መካኒካችን መከለያውን ከፍቶ ብዙ አየና «ጋሼ፣ ወደ ውጭ የማይፈስ ውሃ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው» አለኝ። የቴስታታው ጋስኬት መድከም ጀምሯል ማለቱ ነበር። ጋስኬቱ ሲደክም ውሃው በትንሽ በትንሹ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ከጭሱ ጋርም ይወጣል። ዛሬ ትንቀጠቀጣለች፤ አንድ ቀን ደግሞ ትግላለች፣ ሞተሩም ይጎዳል።

«መቼ?» አልኩት።

«ወር ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ሩቅ መንገድ አልሄድባትም።»

ሞተሩን አውርዶ መሥራት ወይም ያገለገለ ሞተር መግጠም ወደ 3,500 ዶላር እንደሚያስወጣ ነገረኝ። ዳማ ሙሉ ጤነኛ ብትሆን ኖሮ በዚያ ማይል ገበያ ላይ የምታወጣው 3,200 ዶላር ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚይዘው መመሪያ አለ፤ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ ሽጥ የሚል። እኔ ይህን መመሪያ አልወደውም። የሚነጻጸረው የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሳይሆን የሚመጡት 12 ወራት ወጪ በምትኩ ከሚገዛው መኪና የ12 ወራት ወጪ ጋር ነው። የዳማን ወጪ የምጽፍበት ደብተር ስለነበረኝ ማስላቱ አላስቸገረኝም። በ2024 ኩሽኔታ 380፣ የውሃ ፖምፓ 520፣ በጥቀርሻ የተደፈነውን የጭስ ማዞሪያ ማጽዳት 450 ዶላር፣ በድምሩ 1,350 ዶላር አውጥተናል። በወር 112 ዶላር ማለት ነው። ሌላ መኪና በብድር ብንገዛ ግን ወርሃዊ ክፍያው 460፣ የኢንሹራንሱ ጭማሪ 70፣ በወር 530 ዶላር፣ በዓመት 6,360 ዶላር ይሆናል። በዚያ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ግብር በመኪናው ዋጋ ልክ በየዓመቱ ስለሚከፈል የአሮጌ መኪና ግብር ቀላል ነው። በወረቀት ላይ ዳማ አሸነፈች። ሞተሩ ተሠርቶ እንኳን ሁለት ዓመት ብትሄድ ታሸንፋለች።

ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። እሷ ሆስፒታል ውስጥ በማታ ተራ ነው የምትሠራው፤ ወደ ቤት የምትነዳው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችና «ሒሳብህ ልክ ነው። ግን እኔ በእኩለ ሌሊት 395 ላይ መብራት አብርቼ ብቆም እሱ በየትኛው መስመር ላይ ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

ያ መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር በዶላርም አይጻፍም።

ማን ነው የሚነዳት? የትስ ነው የምትቆመው?

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ከሞተሩ አንስተን ወደ ሰዎቹ አዞርነው። አንድ አሮጌ መኪና ለአንዱ በቂ፣ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል። በቀን ስድስት ማይል፣ በብርሃን፣ ስልክ ቢደውል ጓደኛ በአሥር ደቂቃ በሚደርስበት ሰፈር ለሚነዳ ሰው ዳማ ገና ብዙ ዕድሜ ነበራት። እኛ ግን አንድ መኪና ብቻ ነው ያለን፤ ለሌሊት ሃይዌይም የምንጠቀመው እሷኑ ነው።

ሁለተኛዋ ሰው ልጄ ናት። በመጪው ፎል ብላክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ትገባለች። ከቤታችን ከአራት ሰዓት በላይ መንገድ ነው፤ ብዙው ደግሞ ከባድ መኪና በሚበዛበት በ81 ሃይዌይ፣ በተራሮች መሃል ያልፋል። እኔ በልቤ ዳማን ለእሷ ልሰጣት አስቤ ነበር። ከሕፃን መቀመጫ እስከ መንጃ ፈቃድ ያደረሰቻት መኪና ናት፤ ደስ የሚል ነገር ይመስላል። ግን አንድ ጥያቄ ራሴን ጠየቅሁ። በጃንዋሪ በረዶ፣ ብቻዋን፣ በዚያ መንገድ ስትነዳት እኔ እዚህ ተኝቼ አድራለሁ? መልሱ አልዘገየም። በዚያ ላይ ዛሬ በአብዛኞቹ አዲስ መኪኖች ላይ ያለው፣ ከፊት ያለው መኪና ሲቆም ራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ ዳማ ላይ የለም። ለጀማሪ ነጂ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጄ ጉዳዩን ከእኛ በተሻለ ፈታችው። «በመጀመሪያው ዓመት መኪና አያስፈልገኝም። አውቶቡስ አለ፣ የማቆሚያው ክፍያም ይቀርልናል» አለች። ስለዚህ የሚያስፈልገን ለእናቷ የሚታመን አንድ መኪና ብቻ ሆነ።

ሳይቃጠል በቅጠል

መቼ የሚለውን የወሰነልን ሌላ ሐሳብ ነው። አዲስ መኪና በየዓመቱ ዋጋው በብዙ ይወርዳል። የ13 ዓመት መኪና ግን በዓመት ብዙ አይወርድም፤ ባለፈው ዓመትና ዘንድሮ የሚያወጣው ያው ነው ለማለት ይቻላል። የእሱ መውረድ እንደ ደረጃ ሳይሆን እንደ ገደል ነው። እየሄደች የምትሸጥ ዳማ 3,200 ዶላር፣ ሞተሯ ሞቶ በተጎታች የምትሄድ ዳማ ደግሞ 500 ዶላር። በመሃል ምንም የለም። ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚሸጠው «ብዙ ሄደች» ተብሎ ሳይሆን ገደሉ ሲታይ፣ ከመድረሳችን በፊት ነው።

ከዚህም የባሰ ወጪ አለ። መኪናው መንገድ ላይ ሲሞት ሌላው የሚገዛው በዚያው ሳምንት፣ በችኮላ፣ ሻጩ በጠራው ዋጋና ወለድ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኛ የእቁብ እጣችን በሜይ 10,000 ዶላር የምንወስድበት ነበር። ከዚያ ውስጥ 4,000 ለልጃችን የመኝታ ክፍያ፣ 6,000 ለመኪና ቅድመ ክፍያ ብለን ከፈልነው። ብድሩ በዚያው ልክ ስለቀነሰ ወርሃዊ ክፍያውም እኔ ወረቀት ላይ ከጻፍኩት በታች ወረደ። እስከ ሜይ ድረስ ዳማን ሃይዌይ ላይ አላወጣናትም፤ ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ትመላለስ ነበር። የሚቀጥለውን መኪናም ተረጋግተን መረጥን፤ እሱም ያገለገለ ሃይብሪድ ነው። ያገለገለ ሃይብሪድ የምትገዙ ሁሉ የባትሪውን ዋስትና ቀሪ ዘመን ጠይቁ። በአሜሪካ የተለመደው 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ሲሆን፣ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አሳድጎታል።

ለማን?

ከሁሉም የከበደን ይህ ነበር። ሊሞት ያለውን ሸክም ከእኔ ትከሻ አንስቼ ሌላ ሰው ላይ ልጭነው ነው?

መጀመሪያ የደወለው አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው። «ለምን ለእኔ አትልካትም?» አለ። ይህ መንገድ ተዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ።

ሁለተኛው በዲቪ ከመጣ ስምንት ወር የሆነው ወጣት ነው፤ የምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው። «ጋሼ፣ እኔ ልውሰዳት። ምግብ አደርስባታለሁ» አለኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኩት፤ ውሃውን፣ መንቀጥቀጡን፣ 3,500 ዶላሩን። «ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። እኔ ግን አልሸጥኩለትም። በቀን አሥር ሰዓት የሚነዳት ሰው በሁለተኛው ወር ቆማ ቢያገኛት ያጠራቀመውን ገንዘብም ሥራውንም በአንድ ቀን ያጣል። እውነቱን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ያንን እውነት መሸከም መቻሉ ሌላ ነገር። እሱ ግን እንደናቅሁት ቆጠረው። ሰላምታችን ዛሬም እንደ ድሮው አልሞቀም። ሊሆን ይችላል፤ ስልክ ስጠራው ግን ቢያንስ ስለ መኪና አናወራም።

በመጨረሻ የገዛት ሌላ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። መጥቶ የሲሊንደሩን ግፊት ራሱ ለካ፣ ደብተሬን አገላበጠ፣ በ2021 የተቀየረውን ባትሪ ደረሰኝ አየ። ለእሱ የ3,500 ዶላሩ ሥራ የሁለት ቅዳሜና እሑድ ጉልበትና የዕቃ ዋጋ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ብልሽት ለእኔ ገደል፣ ለእሱ ግን ሥራ ነው። በ2,100 ዶላር ተስማማን። ከ3,200 የጎደለው 1,100 ዶላር የእውነቱ ዋጋ ነው፤ ቆጥቦኝ አያውቅም።

ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ጥቂት ነገር ልጨምር። የሊብሬው ጀርባ ላይ ሻጭና ገዢ ሲፈርሙ የማይል መቁጠሪያው ንባብ መጻፍ አለበት፤ በፌዴራሉ ደንብ የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያሉ መኪኖች ይህ እስከ 20 ዓመታቸው ይመለከታቸዋል። ሰሌዳው የሻጩ ስለሆነ ፍቱትና አስቀሩት። መሸጣችሁን ለዲኤምቪ አሳውቁ፤ ኢንሹራንሱን የምትሰርዙት ከዚያ በኋላ እንጂ አስቀድማችሁ አይሁን። ኢዚፓሱን ከመስታወቱ ላይ አንሱ፣ የስልክ ቁጥሮቻችሁንም ከመኪናው ውስጥ አጥፉ። የዓመቱን የደኅንነት ምርመራና በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የጭስ ምርመራ ባለፈች ማግስት የቀረበች መኪና ደግሞ ገዢ ፊት አንገቷን አትደፋም።

እንደ እኛ እያቅማማችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አንድ ደብተር ግዙ። እያንዳንዱን ጥገና ከቀኑና ከማይሉ ጋር ጻፉ። በየዓመቱ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚመጣው ዓመት ወጪ ስንት ነው? ይህን መኪና ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ ይነዳዋል? ገደሉስ ታይቷል? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አትሽጥ» ይላችኋል፣ እኛንም ለአሥር ዓመት እንደዚያ ብሎናል፣ ልክም ነበር። የመጨረሻውን ቃል ግን ለሁለተኛው ስጡት። ደብተሩን ደግሞ ስትሸጡ ከቁልፉ ጋር አስረክቡት። እኔ ለመካኒኩ ስሰጠው ቁልፉን ወደ ኪሱ ከተተና ደብተሩን እዚያው ቆሞ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረ።